የጣሳ ቆርቆሮ ላይ የታተመ ቀለም፦ ቲኑ ሳይነካ እንዴት ይነሣል?

ሰኞ ገበያ (ደሴ)፦
ሰላም ወገኖች። ጥያቄዬ ስለ ታተመ የጣሳ ቆርቆሮ ነው፤ የጣራው ሳይሆን የዘይትና የዱቄት ወተት ጣሳ የሚሠራበት ስሱ ሉህ። ልኩ 70 በ90 ሴንቲ፣ ውፍረቱ 0.24 ሚሊ ነው። ባንድ ፊቱ ነጭ መደብ አለው፤ በነጩ ላይ ጽሑፍና ሥዕል ታትሟል። በሌላው ፊቱ ወርቃማ ቅባት ተቀብቷል። ለእንቡቶ፣ ለእህል መስፈሪያ ጣሳ፣ ለኩራዝና ለንብ ማጨሻ የታሰበ ነው። ቀለሙ ላይ ሊድ (በካውያ እያቀለጥን ቆርቆሮ የምናያይዝበት) አይዝም። ከሰል ላይ ሲለበለብ ቀለሙ ይነሣል፣ ግን ቆርቆሮው ይጠቁራል፣ ሳይቆይ ይዝጋል፣ ሊዱም ያው አይዝም። በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅም ዝገቱ አይቀርም። ቀለሙን ብቻ አንሥቶ ቲኑን (ብረቱ የተለበጠበትን ብር መሳይ ስስ ልባስ) የሚተው ነገር ምንድን ነው? ኮስቲክ ሶዳ ነው ወይስ ቲነር? መጠኑንና አሠራሩን የምታውቁ ብትጽፉልኝ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ምን ያህል ቲን እንዳለህ እወቅ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይመጣል። የጣሳ ቆርቆሮ ማለት ስስ ብረት ሁለት ፊቱን በቲን የተለበጠ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ባንድ ፊት 2.8 ግራም ቲን የተለመደ ልክ ነው፤ ከዚያ ያነሰም የበለጠም አለ። 2.8 ግራም ሲዘረጋ ውፍረቱ 0.4 ማይክሮን አይሞላም። ያንተ ሉህ ስፋቱ 0.63 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ ባንድ ፊት ያለው ቲን ተሰብስቦ ቢመዘን 2 ግራም አይደርስም ማለት ነው።

እንግዲህ የብርጭቆ ወረቀት ለምን እንደሚያዛግ ግልጽ ነው። ቀለሙና መደቡ አንድ ላይ ከቲኑ በብዙ እጥፍ ይወፍራሉ፤ ቀለሙን ጨርሶ የሚፍቅ እጅ ቲኑ ጋ ሲደርስ ሊቆም አይችልም። የድስት መፈተጊያ ሽቦም ያው ነው። እሳቱ ደግሞ በሌላ መንገድ ያበላሻል። ቲን በ232 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ቀለሙ ግን ፋብሪካ ውስጥ ሲታተም ወደ 200 ዲግሪ በሚጠጋ ምድጃ የበሰለ ስለሆነ እንዲቃጠል ከዚያ እጅግ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል። ስለዚህ ቀለሙ ሳይነሣ ቲኑ ቀልጦ ይሰበሰባል፣ ከፊሉ ይቃጠላል፣ ከፊሉም ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ሊድ የማይቀበል ግራጫ ይሆናል።

አንድ ነገር ልብ በል። የጣራ ቆርቆሮ ላይ ያለው ዚንክ ቢጫርም ራሱ እየተበላ ብረቱን ይጠብቃል። ቲን እንዲህ አያደርግም። በርጥብ አየር ላይ ቲን ከብረት ይልቅ ዝገትን የሚቋቋም ስለሆነ፣ ቀዳዳ ካገኘ ብረቱ ብቻውን ይበላል፤ ጭራሽ ቶሎ ይበላል። መሸፈን እንጂ መሥዋዕት መሆን አያውቅም። ስለዚህ ግማሽ የተላጠ ቲን ከምንም የማይሻል ነው።

ወደ ኬሚካሉ ስንመጣ፣ ሁለቱ ፊቶች ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ነጩ መደብና ቀለሙ አብዛኛውን ጊዜ አልኪድ ወይም ፖሊስተር የሚባል የቀለም ሙጫ ነው፤ ይህን ትኩስ ኮስቲክ ይበላዋል፣ ዘይት ወደ ሳሙና እንደሚቀየረው መሆኑ ነው። ወርቃማው ግን በብዛት ኢፖክሲ ፊኖሊክ የሚባለው ነው፤ ኮስቲክ ውስጥ ለሰዓታት ቢቀቀል አይነቃነቅም። ከመግዛትህ በፊት ሁለቱንም ፈትሽ። ጥጥ በአሴቶን አርሰህ ፊቱ ላይ ለሁለት ደቂቃ አስቀምጥ፤ ከለሰለሰና በጥፍር ከተነሣ በቲነርም ይሄዳል። ካልሆነ 3 በ10 ሴንቲ ቁራጭ ቆርጠህ በ5 ከመቶ ትኩስ ኮስቲክ ውስጥ 15 ደቂቃ ንከር። ከተሸበሸበ ኮስቲክ ይበቃሃል። ሁለቱም ካልነኩት ወርቃማው ነው፤ እሱን ለብቻ እናወራዋለን።

ሰኞ ገበያ (ደሴ)፦
አላህ ይስጥህ። ነጩ በአሴቶን ምንም አልሆነም፣ በኮስቲኩ ግን በ9 ደቂቃ ተነሣ። ወርቃማው በሁለቱም አልተነካም። የኮስቲኩን ገንዳ አሠራር ጻፍልኝ። ትልቅ ብረት ድስት አለ፤ በዚያ ይቻላል?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
በጭራሽ! ገበያ ላይ ብረት ድስት እያልን የምንገዛው አሉሚኒየም ነው። ኮስቲክ አሉሚኒየምን እየበላ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ድስቱ ይበሳል፣ ጋዙም እሳት ካገኘ ይፈነዳል። የዚንክ ባልዲም አይሆንም፣ ዚንክም ይበላል። ማግኔት የማይስበው ነገር ገንዳው ውስጥ አይግባ፤ ማግኔት የሚስበውም ቢሆን ዚንክ የተለበጠ አለመሆኑን እይ። የሚሆነው ተራ የብረት በርሜል ነው። በርሜሉ ምን እንደያዘ የማይታወቅ ከሆነ ተወው፤ የፀረ ተባይ በርሜልማ አይታሰብም። የነዳጅ ወይም የቲነር በርሜል ደግሞ በድንጋይ መቁረጫ ስትቆርጠው ሊፈነዳ ይችላል።

ሉህህ 90 ሴንቲ ስለሆነ ወደ 88 ሴንቲ በሚረዝም በርሜል ተጋድሞ አይገባም። ስለዚህ መጀመሪያ ቅዱን አውጣ፣ ከዚያ ቀለም አንሣ። ለቁርጥራጭ ሶዳ አታወጣም፣ ቁርጡም ጥርት ብሎ ይወጣል።

ለ50 ሊትር ውሃ 2.5 ኪሎ ኮስቲክ ሶዳ፤ ይህ 5 ከመቶ ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን። ሶዳውን ወደ ውሃው ትጨምራለህ እንጂ ውሃውን ሶዳው ላይ አታፈስም። ሩብ ሩብ ኪሎ እያደረግህ፣ በብረት ዘንግ እያማሰልህ። እሳት ሳታቀጣጥል ራሱ 13 ዲግሪ ያህል ይሞቃል፤ አንዴ ከገለበጥከው ግን ከታች ተከምሮ ይፈላና ይረጫል። ገንዳው ከሁለት ሦስተኛ በላይ አይሞላ፤ ቀለሙ ወደ ሳሙና ስለሚቀየር አረፋው ይገነፍላል።

ሙቀቱ ከ80 እስከ 85 ዲግሪ። ፈረንጅ የጻፈው መመሪያ ላይ 95 ዲግሪ የሚል ታገኛለህ፤ ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ እዚህ ኮምቦልቻ 94። 95 ፍለጋ እንጨት ስትጨምር ገንዳው ይንተከተካል፣ ይረጫል፤ ሙቀቱ ግን አይጨምርም። ቴርሞሜትር ከሌለ ትንንሽ አረፋ ከታች መነሣት ሲጀምር እሳቱን ቀንስ።

ቅዶቹ አይደራረቡ፤ ፊትና ፊት ከተጣበቁ መሃሉ ሳይነሣ ይቀራል። በተራ ብረት ሽቦ አንጠልጥለህ አስገባ። የመዳብ ሽቦ አትጠቀም፣ ቲኑን ያስበላዋል። ከውሃው በላይ ብቅ ያለ ጫፍም አይኑር። ትኩስ ኮስቲክ ቲንንም የሚበላው በአየር እየታገዘ ነውና፣ መጀመሪያ የሚጠቁረው ውሃውና አየሩ የሚገናኙበት መስመር ነው። ሶዲየም ሰልፋይት ካገኘህ በሊትር 5 ግራም ጨምር፤ ውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ስለሚወስድ ቲኑን ያሳርፍልሃል። ሰልፋይት ነው ያልኩት! ቆዳ ፋብሪካ ፀጉር የሚያነሣበት ሰልፋይድ ሌላ ነገር ነው፤ ቲኑን ያጠቁረዋል፣ አሲድ ከነካው ደግሞ ገዳይ ጋዝ ያወጣል።

ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት መሸብሸብ ሲጀምር ሥራው አልቋል። በዚያው አውጣው። «ጥርት እስኪል» ብለህ ሌላ ግማሽ ሰዓት ብትተወው የሚጠራው ቀለሙ ሳይሆን ቲኑ ነው። የተሸበሸበው በትኩስ ውሃና በናይለን ብሩሽ ይሄዳል። ከነጩ መደብ የሚቀረው ዱቄት የቀለም አፈር ነው፣ በጨርቅ ይጠረጋል። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ በሊትር 10 ግራም ሲትሪክ አሲድ ባለበት ውሃ 30 ሴኮንድ፣ እንደገና ቀዝቃዛ ውሃ። ወዲያው በጨርቅ አድርቀህ ፀሐይ ላይ አውጣ። ርጥቡን ካሳደርከው ያልተበላውም ቲን ቢሆን በቀዳዳዎቹ ዝገት ያሳያል።

ሸዋ በር (ደሴ)፦
ልጆቼ፣ ደህና ጽፋችኋል። ግን ለምንድን ነው ሉሁን በሙሉ የምትልጡት? ቀለሙና ወርቃማው ቅባት እኮ ለብረቱ ልብስ ናቸው፤ ያለ እነሱ ያን ስስ ቲን ደሴ ክረምት ላይ አውጥታችሁ ብታስቀምጡት ነሐሴን አይሻገርም። ለእንቡቶና ለኩራዝ የሚያስፈልጋችሁ ሊድ የሚያርፍበት ጠርዝ ብቻ ነው።

መጋጠሚያው ተደራቢ ከሆነ 6 ሚሊ ይበቃል፤ ለእጅ ስህተት 8 በሉት። እጥፍ ግጥም (ሁለቱ ጠርዝ ታጥፎ እርስ በርስ የሚቆላለፍበት) ከሆነ ግጥሙ 5 ሚሊ ሲሆን ለግጥሙ የሚተወው ቆርቆሮ በጠቅላላ 15 ሚሊ ነው፣ የግጥሙ ሦስት እጥፍ። እጥፍ ግጥም ደረቅ ነገር ለሚይዝ ዕቃ ሊድም አያሻውም፤ የእህል ጣሳ ከነቀለሙ ታጥፎ ይሠራል። ቀለሙ ካላማረ ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ አድርጉትና በላዩ ቅቡበት። እህል የሚነካው ወርቃማው ፊት ይሁን፤ ጣሳው ለምግብ የታተመ ከነበረ እሱ ለምግብ ተብሎ የተቀባ ነው።

ጠርዙን ብቻ ለማንሣት የሚቀባ ሶዳ ትሠራላችሁ። 100 ግራም ኮስቲክ በ700 ሚሊ ቀዝቃዛ ውሃ ሟሙቶ ይቀዝቅዝ። ለብቻ 50 ግራም የበቆሎ ስታርች በ200 ሚሊ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡና ቀስ እያላችሁ ሶዳው ላይ አፍስሱ። እሳት ሳያይ እዚያው ይረጋል፣ እንደ ሙጫ ይሆናል። ልሙጥ የወረቀት ፕላስተር 8 ሚሊው ላይ መስመር አስይዛችሁ በናይለን ብሩሽ ቀቡት፣ እንዳይደርቅ ፌስታል አልብሱትና ፀሐይ ላይ ተዉት። በፀሐይ ሁለት ሦስት ሰዓት፣ በጥላ ደግሞ ሌሊቱን ይፈልጋል። ከእንጨት በተሠራ መፋቂያ ይነሣል። የቀረው ሉህ ከነልብሱ ይቀራል።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ከገንዳው ይሻላል፤ ለኩራዝና ለእንቡቶ እኔም የምመክረው እሱን ነው። ገንዳው ሉሁ በሙሉ መጥራት ላለበት ሥራ ይቆይ። ለወርቃማው ፊት ግን የሚቀባው ሶዳም አይሠራም።

አራዳ (ደሴ)፦
ለወርቃማው ፔንት ሪሙቨር አለ እኮ። ቀብታችሁ በ10 ደቂቃ ጉልፍ ይላል። ለምን ትደክማላችሁ?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
አራዳ፣ የየትኛው ሪሙቨር? ጣሳው ላይ ሜቲሊን ክሎራይድ ወይም ዳይክሎሮሜቴን የሚል ካለ፣ እውነት ነው ወርቃማውን ሳይቀር ያነሣዋል። ግን ይህ በ40 ዲግሪ የሚፈላ ነገር ነው፤ ደሴ ከፍታ ላይ ከዚያም ባነሰ ይፈላል። ትነቱ ከአየር ይከብዳል፣ ዝግ ክፍል ውስጥ ከታች ይጠራቀማል። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይቀየራል፤ በአሜሪካ የመታጠቢያ ቤት ገንዳ ቀለም ሲልጡ የሞቱ ሠራተኞች ስላሉ ነው እዚያ አገር በ2019 ለቤት ተጠቃሚ ለቀለም ማንሻነት እንዳይሸጥ የተከለከለው። የሐኪም ስስ ጓንት በደቂቃዎች ያልፈዋል። አጠገቡ ከሰል ካለ ደግሞ ትነቱ እሳቱ ላይ ወደ ሌላ መርዝ ይለወጣል፤ የኛ ቆርቆሮ ቤቶች ደግሞ ካውያ የሚያግሉት በከሰል ነው። ጠባብ ሱቅ፣ የተዘጋ በር፣ ከሰል... እባካችሁ ይህን ነገር አታስገቡት።

የሚሻለው በቤንዚል አልኮል የተሠራው ነው። ጣሳው ላይ ስሙን ፈልጉ። ቀስ ይላል፤ በወፍራሙ ቀብታችሁ ፌስታል አልብሳችሁ ሌሊቱን ማሳደር፣ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ መቀባት ይፈልጋል። ቲኑን አይነካም። እሱም ቢሆን ጓንትና ክፍት ቦታ ይፈልጋል።

አራዳ (ደሴ)፦
ገብቶኛል፣ የሰው ነፍስ ይበልጣል። ያለው ሪሙቨር የትኛው እንደሆነ አያለሁ።

ጢጣ (ደሴ ዙሪያ)፦
አሰላሙ ዓለይኩም። ኮስቲክ ሶዳ ሲወደድ ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) እና ኖራ ቀላቅሎ ማግኘት ይቻላል ይባላል። እውነት ነው? አመድ ውሃስ?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
ወዓለይኩም ሰላም። ይቻላል። 1 ኪሎ ሶዳ አሽ ከ700 ግራም ንጹሕ የተነከረ ኖራ ጋር 750 ግራም ኮስቲክ ይሰጣል። ኖራው ንጹሕ ስለማይሆን 800 ግራም አድርገው። በ10 ሊትር ትኩስ ውሃ ሶዳ አሹን አሟሟ፣ ኖራውን ጨምረህ አንድ ሰዓት እያማሰልህ አቆየው፣ ከዚያ አዝቅጥ። ላዩ ጥርት ያለው 7 ከመቶ የሚጠጋ ኮስቲክ ነው፤ በጥንቃቄ ቅዳው። ነጩ ዝቃጭ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው። የሚበላሸው በኖራው ነው፦ አየር ላይ የቆየ ኖራ ተመልሶ ድንጋይ ሆኗል፣ ምንም አይሠራም። ትንሽ ላይ አቼቶ ጠብ አድርግበት፤ ቡፍ ብሎ አረፋ ካወጣ ሞቷል። ኮስቲኩም ቢሆን ከረጢቱ ተከፍቶ ከከረመ እንደዚሁ ይዳከማል።

አመድ ውሃ ቅባት ያጥባል እንጂ የበሰለ ኅትመት አያነሣም። ድካም ነው።

ጎብየ (ወልድያ)፦
ሌላ መንገድ ልጨምር፤ ኮስቲክም ትልቅ እሳትም የማይፈልግ። በኤሌክትሪክ ነው። በሊትር 50 ግራም ሶዳ አሽ ያለበት ውሃ በፕላስቲክ ገንዳ፣ ባለ 12 ቮልት የመኪና ባትሪ ቻርጀር። ቆርቆሮው ከኔጌቲቩ ጋር፣ ሌላ ተራ የብረት ሳህን ከፖዘቲቩ ጋር። ሁለቱ እንዳይነካኩ 10 ሴንቲ አራርቋቸው። ቆርቆሮው ላይ ሃይድሮጅን እየፈለቀ ቀለሙን ከሥሩ ይገፋዋል፤ ኔጌቲቭ ስለሆነ ቲኑ አይሟሟም።

ቁልፉ እዚህ ላይ ነው፦ ቀለሙ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሙሉ ቀለም ለብሶ ከገባ ቻርጀሩ ላይ ምንም አምፒር አታዩም፤ አረፋው የሚጀምረው ከተቆረጠው ጠርዝና ከጭረት ብቻ ነው። ስለዚህ ጋሼ ያሉት 8 ሚሊ መስመር ላይ በምስማር ጫፍ በየ3 ሚሊው ጫር ጫር አድርጉት። ጭረቱ ኋላ ሊድ ስለሚሸፍነው አይዝግም። ቀለሙ ከጭረቱ እየተነሣ ወደ ጎን ይሄዳል። ወርቃማው ላይም ይሠራል፣ ዘግየት ቢልም።

ገመዱን ካገላበጣችሁት ሉሁ ፖዘቲቭ ይሆንና ቲኑ ወደ ውሃው ይሄዳል። ፖዘቲቩ ላይ የማይዝግ ብረት አታድርጉ፣ ክሮሙ ወደ መርዝ ተለውጦ ውሃው ቢጫ ይሆናል። በሶዳው ፋንታ ጨው የሚጨምርም አለ፤ ጨው ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፣ አይሆንም። ሥራው ደጅ ላይ ይሁን፤ ቻርጀሩን አጥፍታችሁ ነው መቆንጠጫውን የምትነቅሉት፣ ያ አረፋ ሃይድሮጅን ነውና ብልጭታ አይፈልግም።

ሐይቅ ማር (ሐይቅ)፦
የንብ ማጨሻው ላይ አንድ ቃል። ለእሳት ክፍሉ ይህ ቆርቆሮ አይሆንም ባይ ነኝ። ውስጡ ከ232 ዲግሪ በላይ ይግላል፣ ሊድ ደግሞ በ190 አካባቢ ይቀልጣል፤ መጋጠሚያው ተፈትቶ ፍም ቀፎ ላይ ይወድቃል። ወርቃማው ቅባት ሲቃጠል የሚያወጣው ጭስ ለንብም ለማርም ጥሩ አይደለም። ለእሳት ክፍሉ 0.5 ወይም 0.6 ሚሊ ጥቁር ላሜራ በእጥፍ ግጥምና በሪቬት ይሠራ፤ ዚንክ የተለበጠም አይሁን። የታተመው ቆርቆሮ ለወናፉ መከለያና ለውጭ መያዣው ይበቃል፤ እዚያ ደግሞ ቀለሙን ማንሣት አያስፈልግም።

ሰኞ ገበያ (ደሴ)፦
እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ማጨሻውን እንዳልሽው ነው የማደርገው። ሁለት ነገር ልጠይቅና ልጨርስ፦ ከገንዳው የወጣው ቆርቆሮ ቲኑ መትረፉን በምን አውቃለሁ? ገንዳው ውስጥ የቀረውን ጥቁር ውሃስ የት ልድፋው?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
ቲኑን ለማወቅ ቁራጩን በርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ ሌሊቱን አሳድር። እዚህም እዚያም የመርፌ ጫፍ የምታህል ቡና ዓይነት ነጥብ ያለ ነው። ፊቱ በሙሉ ከቀላ ቲኑ ሄዷል፤ ቀጣዩን ዙር ጊዜውን አሳጥር እንጂ ሶዳውን አታክር። በሊድም ይታወቃል፤ ቲን ያለበት ላይ ሊዱ ይነጠፋል፣ ባዶ ብረት ላይ ይንከባለላል። በቃ የተላጠው ሉህ ወዲያው ካልተሠራበት በቀጭኑ ቫዝሊን ይታሽ።

ገንዳው ከሁለት ሦስት ዙር በኋላ ይደክማል። በ10 ደቂቃ ይነሣ የነበረው 25 ደቂቃ ሲፈልግ በሊትር 10 ግራም ጨምር፤ ሁለተኛ ሲደክም ግን ጣለው፣ ሳሙናና ቀለም ሞልቶታል።

አጣጣሉ ላይ ጥንቃቄ አድርግ። ያረጁ የኅትመት ቀለሞች፣ በተለይ ደማቅ ቢጫና ብርቱካናማ፣ እርሳስ ሊኖርባቸው ይችላል። ጉድባ ውስጥ የፈሰሰ ሁሉ መጨረሻው ቦርከና ወንዝ ነው፤ ከታች ያለው ሰው በዚያ ያጠጣል፣ በዚያ ያለማል። ውሃው ይቀዝቅዝና በፕላስቲክ በርሜል ሁለት ቀን ይዝቀጥ። ላዩን ወደ ሌላ ዕቃ ቀድተህ፣ ደጅ ላይ ሆነህ ሲትሪክ አሲድ በጥቂት በጥቂቱ ጨምር። የፒኤች ወረቀት (አሲድነትን በቁጥር የሚያሳየው) ከ6 እስከ 9 ባለው ውስጥ እስኪያሳይ ነው። ሰልፋይት ከጨመርክ አሲዱ ሲገባ የሚያፍን ጭስ ያወጣልና ፊትህን አርቅ። ይህን ካደረግህ በኋላም አሲዱ የሚያወርደው ሌላ ዝቃጭ አለ፤ እሱንም ለይ። ዝቃጩን በሙሉ ከሲሚንቶ ጋር አቡክተህ አድርቀህ ከአትክልትና ከውሃ ጉድጓድ ርቆ ይቀመጥ።

ጓንቱ ወፍራም የጎማ፣ እስከ ክርን የሚደርስ ይሁን። መነጽሩ ጎኑ የተዘጋ። አጠገብህ ንጹሕ ውሃ የሞላ ጀሪካን ሳይኖር እሳት አታቀጣጥል። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ውሃ፣ ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳያቋርጡ እያጠቡ ወደ ሆስፒታል። ሎሚ ወይም አቼቶ ዓይን ላይ አይደረግም። ኮስቲክ ዓይን ላይ ሲያርፍ ወዲያው ላያምም ይችላል፣ መብላቱን ግን አያቆምም። ልጆች ሰፈር ውስጥ ካሉ ገንዳው ሌሊት ክዳን ይኑረው።

ሸዋ በር (ደሴ)፦
ልጄ፣ ሌላም አለ። የተላጠው ቆርቆሮ ለእርጎ፣ ለጠላ፣ ለሎሚ ጭማቂ፣ ጨው ላለበት ነገር አይሁን፤ ጎምዛዛ ነገር ቲኑን ያሟሟዋል፣ ሊዱ ውስጥ ያለው እርሳስም ይገባበታል። እንቡቶው ለላምባ ከሆነ ጥሩ ነው። ለምግብ ዘይት ከሆነ ግን ሊዱ ያለ እርሳስ የሆነው ይሁን፣ ወይም በእጥፍ ግጥም ብቻ ይሠራ።

መርሳ (ሰሜን ወሎ)፦
ዘግይቼ ነው የደረስኩት። እዚህ የጠርሙስ ክዳን የሚወጣበት ሉህ አለ፤ ቀለሙ ተነሥቶ፣ ፊቱም ጥርት ብሎ፣ ሊድ ግን በጭራሽ አይዝም። አሲድ ቢደጋገምም ይንከባለላል። ምን ጎድሎት ነው?

ጎብየ (ወልድያ)፦
ቲን የለውም። ለክዳንና ለጣሳ አፍ ብዙ ጊዜ የሚውለው ክሮም የተለበጠ ብረት ነው፤ ቲን ከሌለው የጣሳ ብረት አንዱ። ቀለሙ ሲነሣ ሰማያዊ ያዘለ ግራጫ ሆኖ ይታያል፣ የቲኑ ብር መሳይ ንጣት የለውም። ማግኔት ሁለቱንም ስለሚስብ አይለይልህም። ከመልፋትህ በፊት ከጠርዙ አንድ ሳንቲም የምታህል ቦታ አንሥተህ ካውያ አስነካው፤ ካልያዘ ሉሁን ለእጥፍ ግጥም ወይም ለሪቬት አድርገው። ሊድ እንዲይዝ ክሮሙ በድንጋይ ተፍቆ ባዶው ብረት መውጣት አለበት፤ ያን ጊዜም በዚንክ የተገደለ አሲድ (ዚንክ እስኪጠግብ የሟሟበት) ይፈልጋል፣ ሥራው ሲያልቅም በደንብ መታጠብ አለበት።

መርሳ (ሰሜን ወሎ)፦
ልክ ነህ፣ ግራጫ ነው። ለሳጥን ጥግ ማያያዣ በሪቬት እናደርገዋለን።